በፎጣ ሥር የተቆረጠ ዋጋ

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት የመጋቢቱ ዝናብ ናይሮቢ ላይ አልጣለም። ሚያዝያም ደረቁን አለፈ። ግንቦት ላይ ሦስት ቀን አካፍቶ ተወ። ሰኔ ሲገባ ከገጠር የሚመጣው የእህል መኪና በሳምንት ከአምስት ወደ ሁለት ወረደ። ከባሕር ማዶ ቢጫ በቆሎ ገባ፤ ሰው የከብት ነው እያለ ተጸየፈው፤ እየተጸየፈም ተሰልፎ ገዛው። ቦሎቄ በሐምሌ ኪሎው ሰባት ሽልንግ ነበር። በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር፣ ሰባተኛው መንገድ ላይ ባሉት ስድስት የአገራችን ሰዎች የእህል ሱቆች፣ በአንድ ጧት አሥራ አንድ ሆነ። በዚያው መንገድ ላይ ሰባተኛ ሱቅ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት የራሂማ። እሷ በስምንት ተኩል ሸጠች። መስከረም ሳያልቅ ሱቋ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት አልፏል። አሁንም ሐምሌ ነው፤ ሰማዩ አመድ የመሰለበት፣ ሰው ሹራብ ደርቦ የሚወጣበት የናይሮቢ ሐምሌ። ኑሬ ከሱብሒ ሶላት በኋላ አልተኛም። ከስድስቱ ባለሱቆች አንዱ በሆነው በታናሽ ወንድሙ በፈድሉ ቤት፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራል፤ አንድ አልጋ፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን፣ በግድግዳው ሚስማር ላይ የተሰቀለ ፎጣ። ስድሳ አራት ዓመቱ ነው። ሞያሌ ሳለ የግመልና የከብት ደላላ ነበር፤ በገበያው ውስጥ ስሙ የተጠራ። እዚህ የመጋዘኑን ቁልፍ ይይዛል፤ ከፈድሉ ማዕድ ይበላል፤ ሥራው ምን እንደሆነ የጠየቀው ሰው የለም፤ የፈድሉ ወንድም ነው።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። የቤቱ እመቤት እህቷን ልትጠይቅ ሞምባሳ ስለወረደች ቁርሱን ያቀረበችው የፈድሉ ልጅ ዛራ ናት። ሻይ በወተትና ማንዳዚ የሚሉት የተጠበሰ ሊጥ። ፈድሉ ማንዳዚው አንድ ሽልንግ መግባቱን በየጧቱ ሳያነሣ አይበላም፤ ዛሬም አነሣው፤ ሰው ድሮ በሃምሳ ሳንቲም ይጠግብ እንደነበር ተናገረ፤ ከዚያ ሁለተኛውን አነሣ። ዛራ አልሰማችውም። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የሕግ ትምህርቷን ለመጨረስ አንድ የጥናት ጽሑፍ ቀርቷታል፤ የምታስረክበውም ዓርብ ነው። ነጋዴዎች ተማክረው ዋጋ እንዳይቆርጡ የሚከለክለው አዲስ ሕግ በዚህ ዓመት ሥራ ላይ ውሏል፤ እሷም የያዘችው ጥያቄ ይህ ሕግ በሰባ ስድስት ቢኖር ኖሮ ሰባተኛው መንገድ ላይ የሆነውን ነገር ይይዘው ነበር ወይ የሚል ነው። የምታውቁትን ገበያ ምረጡ ተብለው ነበርና የምታውቀውን መረጠች። ነገሩ ሲሆን ግን እሷ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረች፤ የቀረላት ወሬው ብቻ ነው።

መምህሯ ምዕራፉን እንደመለሰችባት ለአባቷ ነገረችው። ምን ጎደለው አላት። ኤቪደንስ አለችው፤ ማስረጃ። በቀይ ቀለም የተጻፈውን አስተያየት ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችለት፤ ስድስት ሱቅ በአንድ ዋጋ መሸጡ ብቻውን ስምምነት አይባልም፤ ነጋዴ የጎረቤቱን ዋጋ አይቶ ሊጨምር ይችላል፤ ማን ለማን ምን አለ? ይላል።

«ይቺ ሴትዮ ሱቅ ብትከፍት ታተርፋለች» አለ ፈድሉ እየሳቀ።

«ሁሉም በአንድ ጧት፣ አባዬ? ሁሉም አሥራ አንድ?»

«ድርቅ ለሁሉም በአንድ ጧት ነው የሚመጣው።» ጣቱን በሳህኑ ጠርዝ ጠረገ። «ወላሂ፣ ስለ ዋጋ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ወንድም ጋሼ ይኸው፤ ያኔ በቁርኣን ምሎበታል። እሱን ጻፊው።»

ኑሬ ሻዩ ላይ የረጋውን የወተት ቆዳ ያይ ነበር።  በመንገዱ ላይ ማታቱ የሚሉት አንድ ታክሲ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። ፈድሉ ኮቱን ለብሶ ወጣ፤ ሱቁ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ኑሬም ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወደ መጋዘኑ ሄደ፤ ትናንት የጠረገውን ወለል እንደገና መጥረግ ጀመረ።

ዛራ ተከትላው መጣች። ወረቀቶቿን በደረቷ እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆመች። ራሂማን ኢምባካሲ ድረስ ሄዳ እንዳገኘቻት ነገረችው። ኑሬ መጥረጊያውን አቆመ። አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ውስጥ የዚያችን ሴት ስም የጠራ ሰው አልነበረም።

«ምን አለችሽ?»

«ወረቀት ካላት ብዬ ጠየቅኳት። 'ከአጎትሽ ፎጣ ሥር ፈልጊው' አለችኝ። ስድብ መስሎኝ አልጻፍኩትም።» ልጅቷ ወደ ውስጥ ገባች። «ስድብ አይደለም፣ አይደል አጎቴ?»

ኑሬ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከዚያ በሩን መልሺው አላት። ከክፍሉ ፎጣውን አምጥቶ በትከሻው ላይ ጣለ፤ በአንድ የቦሎቄ ጆንያ ላይ ተቀመጠና ከፊቱ እንድትቀመጥ በእጁ አመለከታት። የሞያሌን ገበያ ነገራት። ግመል የሚሻሻጡ ሰዎች በአፋቸው ዋጋ አይጠሩም፤ ደላላው ፎጣውን በእጃቸው ላይ ጥሎ በጣት ነው የሚነጋገሩት። ከበው የቆሙት እንዳይሰሙ ነው፤ ደግሞ ያልተስማማው ሰው በሕዝብ ፊት እንዳያፍር ነው። ሥራው የሐራም አልነበረም፤ የጨዋ ሥራ ነበር። ይህን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ነገራት። ቀጥሎ እጇን ተቀበለ፤ በፎጣው ሥር አምስቱንም ጣቶቿን አንድ ላይ ጨበጠ፤ ለቀቀ፤ እንደገና አምስቱን ጨበጠ፤ ለቀቀ፤ ከዚያ ሌባ ጣቷን ብቻ ያዘ።

«አሥራ አንድ» አለች ዛራ።

ምንም አላስተማራትም ነበር። የጣቶቹን ትርጉም ሊነግራት ገና አፉን እየከፈተ ነበር። ልጅቷ ራሷ በተናገረችው ደንግጣ እጇን ሳበች፤ መዳፏን ገልብጣ አየችው፤ የሌላ ሰው እጅ እንደምታይ። ትንሽ ቆይታ፣ በልጅነቷ አባቷ ከሱቅ ሲገባ ኮቱን በእጇ ላይ ጥሎ ጣቶቿን ይይዝ እንደነበር ነገረችው። በኪሱ ስንት ከረሜላ እንዳለ ነበር የሚነግራት። ካወቀች ይሰጣታል፤ ካላወቀች ሌላ ቀን። እሷ ደግሞ አትሳሳትም ነበር። ዓመት ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ለቤተ መጻሕፍት ስትዞር፣ አሮጌ ጋዜጣ ስትገለብጥ፣ ገበያተኛ ስታስጨንቅ የከረመችበት ነገር በገዛ ጣቷ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

«የመጀመሪያው እጅ የማን ነበር?» አለችው።

ኑሬ አልመለሰም። ሁለተኛም አልጠየቀችውም። ከውጭ ፈድሉ አንድ ደንበኛ ሲያስቅ ይሰማል።

«የአዳሪ ክፍያዬ የተከፈለው በዚያው መስከረም ነው» አለች ዛራ ለራሷ። ተነሣች፤ ወረቀቶቿን አስተካከለች። ምዕራፉን እንደምታወጣው፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሌላ ነገር ፈልጋ እንደምትጽፍ፣ ወረቀት ያለው ነገር፣ አጎቷም እንዳይጨነቅ ነገረችው። ስትወጣ በሩን በቀስታ ዘጋችው፤ የታመመ ሰው የተኛበት ክፍል ይመስል።

ኑሬ መጀመሪያ የተሰማው ዕረፍት ነው፤ ኩንታል ከጀርባ ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት። ጆንያው ላይ እንደተቀመጠ ተነፈሰ። ወዲያው ደግሞ አፈረ። ደላላ ነበርና የሆነውን ያውቀዋል፤ ልጅቷ ከእሱ ዝምታ ገዛች፤ እሱም ሸጠላት። በዚህ ቤት አንድ ዝምተኛ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆኑ።

የሆነው እንዲህ ነው። በዚያ ነሐሴ ጧት ፈድሉ ሱቁ ውስጥ ጠርቶት እጁን በፎጣው ሥር አስገባ፤ አምስት፣ አምስት፣ አንድ። ኑሬ ያንን ይዞ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ፤ በእያንዳንዱ ቤት መዳፍ በመዳፍ ሲጫን፣ አለቀ ማለት ነው፣ ይወጣ ነበር። ራሂማ ደጅ ሲደርስ አልገባም። የባዕድ ሴት እጅ በፎጣ ሥር አይያዝም። ስለዚህ በመንገዱ ላይ ካሉት ሰባት ባለሱቆች ዋጋው መቆረጡን ያልሰማች እሷ ብቻ ነበረች። ለስድስቱ በእልህ መስሏቸው ነበር በስምንት ተኩል የሸጠችው፤ እሷ ግን አታውቅም። በሳምንቱ ፎጣው ሁለተኛ ዙር ዞረ፤ ያን ጊዜ የያዘው እጅ የእህል መኪናዎቹ ደላላ እጅ ነው፤ መልእክቱም፣ ራሂማ ደጅ የሚያራግፍ መኪና ስድስቱ ጋ አያራግፍም የሚል ነበር። መኪና መምጣት ቀረ። ሱቋ ተዘጋ። ኑሬ በዚያ ዘመን ማታ ማታ ራሱን የሚያጽናናበት ነገር አልጠፋውም ነበር። አገር ቤት ደርግ እህልን በአዋጅ ተመነ ብለው እነሱ ገበያቸውን ጥለው ተሰደዱ፤ እዚህ መጥተው ራሳቸው በጨርቅ ሥር ተመኑ፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፣ ይል ነበር። ማጽናኛው ግን አልዘለቀም።

ራሂማ ለሽማግሌ ከሰሰች። በመስጊዱ ግቢ፣ በዛፉ ሥር ተቀመጡ። እንድትስማማ የጠየቃት ሰው ነበር ወይ አሏት፤ አልነበረም አለች። ታዲያ ሌሎቹ መስማማታቸውን በምን አወቅሽ አሏት። ስድስቱ ነጋዴዎች ስለ ዋጋ ቃል አልተነጋገርንም ብለው ማሉ። ከዚያ ኑሬን ጠሩት፤ ቀጥተኛ ሰው ነው፣ እሱ ካለ እኛም እናምናለን አሉ። ከአፋቸው አንድ ቃል ሰምተሃል ወይ? ቀኝ እጁን በቁርኣኑ ላይ አድርጎ፣ አንድም ቃል አልሰማሁም አለ። እጁ ያው እጅ ነበር። ሽማግሌዎቹ የሰው ስም አጥፍተሻል ብለው ፈረዱባት፤ ካሳ አይከፈልም፣ ግን በየሱቁ በር እየቆመች አፉ በሉኝ ብላ ይቅርታ ትጠይቅ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ገበያተኛው እያየ በስድስቱም በር ዞረች። ሰባተኛው ኑሬ ነበር፤ ፈድሉ ሱቅ ፊት ለፊት ጆንያ ላይ ተቀምጦ። ከዚያ በፊት ጋሽ ኑሬ ነበር የምትለው። ያን ቀን፣ «አንተ ሰውዬ፣ አንተንም አፉ በለኝ እንድልህ ብለዋል» አለችው። እሱም ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አፉ ብያለሁ» አለ።

ከሐሰቱ ይልቅ ያ ቃል ነው እንቅልፍ የነሳው። የዋሸው ፈርቶ ነው፤ የወንድሙን ቤት፣ አልጋውን፣ ማዕዱን ፈርቶ። ይቅርታዋን ግን ማንም አላስገደደውም፤ እጁን ዘርግቶ ወሰደ።

አምስት ሰዓት ላይ መጋዘኑን ቆለፈ። ፎጣውን አላወለቀም። ዱአ አድርጎ በማታቱ መሃል ከተማ ወረደ፤ ከዚያ ወደ ኢምባካሲ ሌላ ተሳፈረ። ረዳቱ ሽማግሌውን ሙዜ ተጠጋ፣ ሙዜ ተጠጋ እያለ አምስት ሰው በሚቀመጥበት ሰባት አደረጋቸው። ኑሬ በመስኮት የሚታየውን አላየም። ምን እንደሚል አስቦ፣ ረስቶ፣ እንደገና አሰበ።

ራሂማን ያገኛት ከአውሮፕላን ማረፊያው ማዶ፣ የጭነት መጋዘኖቹ አጥር ሥር ነው። በአራት እንጨት ላይ ቆርቆሮ አልብሳ፣ በሁለት ትልልቅ ድስት የበቆሎና የቦሎቄ ቅቅል ለአውራጆች ትሸጣለች፤ አንድ ጭልፋ ሁለት ሽልንግ፣ በርበሬ ያለ ክፍያ። ከስታለች፤ ፀጉሯ ከሻሹ ሥር ነጭ ሆኗል። ከሩቅ አይታዋለች፤ ግን መጨለፏን አላቋረጠችም። ከፊቷ እስኪቆም ድረስ ጠብቃ ቀና አለች።

«ማን ሞቶ ነው?» አለችው።

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያ ተሰለፍ። ተራ አለ።»

እውነቷን ነበር። ስድስት አውራጆች ሳህን ይዘው ቆመዋል። ኑሬ ከኋላቸው ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ቅቅሉን አልጠየቀም። በዚያ ነሐሴ ከበር በር ዋጋውን በፎጣው ሥር ያደረሰው እሱ እንደሆነ፣ በመስጊዱ ግቢ በውሸት እንደማለ መናገር ጀመረ፤ በዚያው ቅጽበት አንድ የጭነት አውሮፕላን ከራሳቸው በላይ ተነሣ፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ የገዛ ድምፁን እንኳ አልሰማውም። ጩኸቱ እስኪርቅ ራሂማ በጭልፋዋ ድስቱን ታማስል ነበር።

«አልሰማሁም» አለችው። «ድገመው።»

ደገመው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበደው።

ራሂማ አልተገረመችም። ያን ጧት ከደጇ ሆና ስታየው እንደነበር ነገረችው። ስድስት ሱቅ ገብቶ ከአንዱም ቤት ሻይ ሳይጠጣ ሲወጣ አይታ ገርሟት ነበር፤ ምስጢሩ የገባት መኪናው ሲቀር ነው፤ የአገሯ ሰው ስድስት ቤት ገብቶ አንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ አይወጣም፤ ይህን ለሽማግሌዎቹ ብትነግራቸው ሳቁባት። ኑሬ አፉ በይኝ አላት። ጭልፋውን በድስቱ ክዳን ላይ አስቀመጠች።

«እዚህ? ማን በሰማው?» ወደ አውራጆቹ በአገጯ አመለከተች። «እነዚህ ማማ እንጂ ስሜን አያውቁትም። እኔ በስድስት በር ነው የዞርኩት፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ። ሰባተኛው አንተ ነበርክ። አፉ ብያለሁ አልከኝ። ከወሰድክበት ቦታ መልሰው።»

ድስቱን ከጎኗ ሙዝ ለምትሸጥ ሴት አደራ ብላ፣ ሽርጧን አራግፋ፣ ቀድማው ወደ መንገዱ ወጣች። በማታቱ ውስጥ እሷ ከፊት እሱ ከኋላ ተቀመጡ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ከፈሉ።

ሰባተኛው መንገድ ሲደርሱ አሥር ሰዓት ሆኗል፤ ገበያው የሚሞቅበት ሰዓት። ራሂማ አልተናገረችም፤ በየበሩ ከኋላው ሁለት እርምጃ ርቃ ትቆማለች። የመጀመሪያው ባለሱቅ ዓይኑ ደክሟል፤ ሰላምታውን ሰምቶ በድምፁ ለይቶት ግባ ሻይ ጠጣ አለው። ኑሬ ከበሩ ላይ ሆኖ ተናገረ። በሰባ ስድስት ነሐሴ የቦሎቄውን ዋጋ አሥራ አንድ ብዬ ከዚህ በር ወደዚያ በር በፎጣዬ ሥር ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ራሂማ አልዋሸችም፤ በቁርኣን የማልኩት እኔ ነኝ የዋሸሁት። ሰውየው ብርጭቆውን ይዞ እንደቆመ ቀረ። በሁለተኛው በር ባለሱቁ ጓዳ ገባ፤ ኑሬ ለባዶው ሱቅ ተናግሮ አለፈ። ሦስተኛው ሱቅ አሁን ካሴት ይሸጥበታል፤ በሩ ላይ የቆመው ወጣት ዘፈኑን ቀንሶ እስከ መጨረሻው ሰማውና፣ «አባባ፣ እኔ ያኔ ኳስ ነበር የምጫወተው» አለው። ለበሩ ነው የምናገረው አለው ኑሬ። ከጀርባው ሰው ተሰብስቦ ሳቀ፤ ግን ተከተለው። አራተኛውና አምስተኛው በር ላይ የሚስቅ አልነበረም። ወሬው ቀድሞት መንገዱን ተሻግሯል።

ፈድሉ ከሱቁ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ከውስጥ ዛራ ባንኮኒው ላይ ደብተሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ሌላ ነገር ስትፈልግ ውላ ያገኘችው እንደሌለ ከፊቷ ይታያል። ፈድሉ ራሂማን እንዳላየ ሆነ። ፈገግ ብሎ ወደ ወንድሙ መጣ፤ ወንድም ጋሼ ምን ሆነህ ነው፣ ቁርስህንም ሳትጨርስ ነው የወጣኸው፣ አሞሃል ወይ አለው፤ ግራ ክንዱን በትከሻው ላይ ጣለ። በተሰበሰበው ሰው ዓይን ታናሽ ታላቁን እየደገፈ ነው። ቀኝ እጁ ግን በፎጣው ሥር ገብቶ የኑሬን እጅ አገኘ። አምስቱንም ጣቶች ጨበጠ። ለቀቀ፤ እንደገና አምስቱን ጨበጠ። አሥር። መቶም ይሁን ሺህ አይባልም፤ የሚሸጠው ዕቃ ነው የሚለየው። የሚሸጠውን ኑሬ ያውቀዋል፤ ዝምታው ነው። መዳፍ በመዳፍ ተጭኖ አለቀ እስኪባል ፈድሉ እጁን አላላላም፤ ፈገግታውም አልለቀቀውም።

ኑሬ በግራ እጁ ፎጣውን ከትከሻው ላይ ሳበው።

ሁለቱ እጆች እንደተያያዙ በብርሃን ላይ ቀሩ። በመጀመሪያ ማንም ምንም አልገባውም። ከዚያ ከተሰበሰበው ሰው መካከል አንድ የሞያሌ ሽማግሌ ከንፈሩን መጠጠና ፊቱን አዞረ። ፈድሉ የቆየው አንድ ትንፋሽ ያህል ነው፤ እጁን መልቀቅ እንዳለበት ለማስታወስ የወሰደው ያህል። ዛራ ከባንኮኒው ኋላ ተነሥታ ቆማ ነበር። የአባቷን ጣቶች አየች፤ በአጎቷ ጣቶች ላይ እንዴት እንደተጠመጠሙ አየች። አባቷም አያት። ቁጭ አለች፤ ባዶውን ገጽ ወደ ራሷ ሳበች፤ ከላይ፣ አንድም ቃል አልተባለም፣ ብላ ጻፈችና መጻፏን ቀጠለች። እያለቀሰች ነበር የምትጽፈው፤ ግን አላቋረጠችም።

«ፈድሉ» አለች ራሂማ። ከተነሡበት ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር። «ዛሬ ቦሎቄ ኪሎው ስንት ነው? በአፍህ ንገረኝ።»

ፈድሉ ወደ ሰው አየ፤ ወደ ሚዛኑ አየ፤ ወደ ልጁ ወደ ዛራ አየ። «አሥራ አራት» አለ።

«ሰማን» አለች።

ኑሬ የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በሚዛኑ ሳህን ላይ አስቀመጠው። ሚዛኑ ትንሽ ዘመም ብሎ ቆመ። ከአምስት ዓመት በፊት የተቀመጠበት ጆንያ በነበረበት ቦታ ሄዶ ቆመና ወደ ራሂማ ዞረ።

«እዚህ ቦታ ላይ አፉ ብያለሁ አልኩሽ» አላት። «የኔ አልነበረም። ይኸው መልሼዋለሁ። አንቺ አፉ በይኝ።»

ራሂማ ወደ ሰዉ ዞረች። ከበው የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ያን ጁምዓ ከነበሩት መካከል ማን ማን እንዳለ እንደምትቆጥር። ኑሬ ጠበቀ። የማታ ማደሪያውን አላሰበም። የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባትሰጠውም ተገቢ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

«አፉ ብያለሁ» አለች። ሻሿን አስተካክላ ልትሄድ ዞረች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። «ጋሽ ኑሬ» አለች፤ ከዚያ ሄደች።

ኑሬ ፎጣውን በአራት አጥፎ በብብቱ ያዘው። ሐምሌ ነው፤ እጁን በረደው።